ባለ ሁለት ዓይኗ መንኮራኩር

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በተመረቀ ሰሞን ወደ ጅቡቲ ተመልሼ፣ ካርቲየ 6፣ የእህቴ የትርሲት ልጅ ቤት ጥቂት ሳምንታት ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ ከበረንዳው በኩል አንድ ሽታ መጣ። ምን እንደሆነ ሳላውቀው ከአልጋዬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። በረንዳው ላይ የትርሲት የልጅ ልጅ ሐና ጋዜጣ አንጥፋ፣ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ የጠፈር መንኮራኩር በቀጭን ብሩሽ ትቀባለች። ከጎኗ ክዳኑ የተከፈተ የቀለም ማቅጠኛ ብልቃጥ አለ።

«አባባ፣ ሽታው ረበሸዎት እንዴ? በሩን ልዝጋው?»

«ተይው፤ ክፍት ይሁን» አልኳት።

የመንኮራኩሯን ሆድ ከፍታ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ መብራቶቿን አሳየችኝ። ስልኳ ላይ አንድ ሰው እያንዳንዱን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያስረዳታል። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አየሁላት፤ ልቤ ግን ማንም ምንም ባላስረዳን በአንድ የልጅነት ክረምት ውስጥ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሌሎችን ቃል በመመርመር ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ልጅ ትዝታ ምስክር ሆኖ ቢቀርብልኝ እንደማልቀበለው አውቃለሁ። ትርሲት ስለዚሁ ጉዳይ በስልክ ሳነሣባት ያኔ የሠራናት መንኮራኩር ሆድ አረንጓዴ ነበር ብላ ተከራከረችኝ። እሷ ያኔ የግራና የቀኝ ጫማዋን እንኳ የማትለይ ሕፃን ነበረች። ቀይ ነበር። በሌላ በሌላው ልታርመኝ ትችላለች፤ በዚህ ግን አልደራደርም።

አገር ቤት ክረምት የሚባሉት ወራት እኛ ዘንድ የእሳት ወራት ናቸው። ከምሲን የምንለው ነፋስ ከምድረ በዳው ተነሥቶ አሸዋውን ተሸክሞ ይገባል፤ የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም፤ የቆርቆሮ ጣራችን ቀኑን ሙሉ ሲንቋቋ ይውላል። የቻለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዚያ ሰሞን ልጆቹን በባቡር ጭኖ ወደ ድሬዳዋ ይልካል። እኛ በዚያ ዓመት ቀረን፤ እናቴ ለአንዲት የፈረንሳይ ማዳም ልብስ ትሰፋ ስለነበር ሥራዋን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ሰፈራችን ያኔም ካርቲየ 6 ይባል እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ ቤታችን ግን የሳንቃ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በርና ሁለት መስኮት ነበረው። ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲወጣ ጋሼ ተክሌ ብቻ ከድሬዳዋ ወደ እኛ ወረዱ።

ጋሼ ተክሌ የእናቴ አጎት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ቀለም መበጥበጥ ከተማሩ በኋላ በጉርምስናቸው የድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ ገብተው፣ በፉርጎ ላይ ቁጥርና ፊደል ሲጽፉ አርጅተዋል። ትሑት ሰው አልነበሩም። የሌላ ሰው ቅብ ባዩ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። በከተማው ውስጥ የተሰቀለ የሱቅ ታፔላ ሁሉ በእሳቸው ፊት ተከሳሽ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ሐሩር ምን አመጣዎት?» ትላቸው ነበር እናቴ።

«ድሬዳዋ ሰለቸኝ።»

«ድሬዳዋ በዚህ ወር ገነት ነው እኮ!»

«ገነትም ይሰለቻል።»

የውስጥ ሱሪያቸውንና ካኔቴራቸውን ለብሰው በሩ ሥር ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ራሳቸውን ያራግባሉ፤ የሚሠሩት ያጡ ሰው ነበሩ። ሥራ የሰጣቸው የማዳም ልጅ ነው፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። ማዳም ልጇን ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ስትልክ ክፍሉን አጸዳች፤ እናቴም ከጨርቅ ጥቅል ሥር አንድ ካርቶን ይዛ ገባች። ውስጡ ሲገጣጠም የጠፈር መንኮራኩር የሚሆን ነጭ ፕላስቲክ ነበር። ልጁ ጀምሮ ሰልችቶት ትቶታል። ሁለቱ የጎን ክፋዮች ተንጋደው ተጣብቀዋል፤ የልጁም የጣት አሻራ በማጣበቂያው ላይ ደርቆ ቀርቷል። እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ወረቀት የለም። ያለው ክዳኑ ላይ የተሣለው ሥዕል ብቻ ነው።

በሥዕሉ ላይ መንኮራኩሯ አፍንጫዋን ወደ ግራ አድርጋ በጥቁር ሰማይ ውስጥ ትበራለች። የምትታየው በጎኗ ነው። ከአፍንጫዋ አጠገብ አንድ ክብ መስኮት ቢጫ ሆኖ በርቷል።

ያንን ስመለከት ካርቶኑን ከእጄ ጣልኩት።

ለምን እንደጣልኩት ለመረዳት ግድግዳችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአልጋው በላይ የጋሼ ተክሌ አባት የሣሉት ሸራ ተሰቅሎ ነበር፤ ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት ታሪክ ነው። እናቶቹና ሕፃናቱ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያዩናል። ወታደሮቹ ግን ሁሉም በጎን ተሥለዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ደጉን በሙሉ ፊት፣ ክፉውን በጎን መሣል የአገራችን ሠዓልያን የቆየ ሕግ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ሸራውን እያየሁ ራሴ ደረስኩበትና ለዓለም ሁሉ የሚሠራ ሕግ አደረግኩት። በፍራንክ ሳንቲም ላይ ያለችው ሴት ግማሽ ፊቷን ብቻ ስለምታሳይ ክፉ ሴት ናት ብዬ አምን ነበር። በቴምብር ላይ ያሉት ጢማም ሰዎችም እንዲሁ። ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣ ካየኋት ፊቷን እስክታዞር ድረስ አላልፋትም።

«ምን ሆንክ አንተ ልጅ?» አሉ ጋሼ ተክሌ።

«የክፉዎቹ መርከብ ናት ጋሼ። አንድ ዓይን ነው ያላት።»

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ክዳኑን ከፊታቸው አራቅ አድርገው አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልክ ብለሃል። ግን እሷ ምን አጠፋች? ሠዓሊው ነው እንዲህ ያዞራት። ፕላስቲኩን አምጣልኝ።»

አመጣሁላቸው። አፍንጫዋን አገላብጠው ዳሰሱ። በግራዋ በኩል ክብ ቀዳዳ አለ፤ በቀኟ በኩል ድፍን ነው። ፊታቸው የተሰደበ ሰው ፊት ሆነ።

«አይ! ሠዓሊው ብቻ አይደለም! ሲሠሯትም አንድ ዓይና አድርገው ነው የሠሯት!» አሉ። «ቆይ፤ እናስተካክላታለን።»

ሥራችን የቀትር ዕረፍት ሰዓትን የሚጠብቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ከጋሪ ሥር ይተኛል፣ እናቴም የመስኮቱን መዝጊያ ጠርቅማ «ድምፅ እንዳልሰማ!» ብላ ትጋደማለች። ክፍሉ ይጨልማል። በሳንቃው ስንጥቅ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ብቻ ነበር የሥራ መብራታችን፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እኛም ከነጋዜጣችን ወለሉ ላይ እየተንፏቀቅን እንከተለዋለን።

መጀመሪያ የማዳም ልጅ ያጣበቀውን በጋለ መርፌ ፈልቅቀን ለየን። ከዚያ ጋሼ ተክሌ ባዶውን ፕላስቲክ ትክ ብለው አዩት።

«ይኼ ሳሙና ነው እንጂ መርከብ አይደለም። ምስማር የሌለው ቆርቆሮ፣ ብየዳ የሌለው ብረት የት አገር አለ?»

በመርፌ ጫፍና በማስመሪያ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ መስመሮች ጫሩባት። በመስመሮቹ ዳር ዳር በእስፒል ጫፍ የማጣበቂያ ጠብታ እያስቀመጡ እንደ ፉርጎ ጉጥ ምስማር አስመሰሉት። ክፍሎቹ ተንጠልጥለውበት የመጣውን የፕላስቲክ ዘንግ ሻማ ላይ ሲያሞቁትና ከሁለት ወገን ሲስቡት እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ሆነ፤ ያንን ቆርጠን አንቴና አደረግነው። የጥርስ ሳሙና ክዳን ጭስ ማውጫዋ ሆነ። የእናቴ ማበጠሪያ ጥርሶች በጎኗ የአየር ማስገቢያ ሆኑ፤ በዚህ ምክንያት የተነሣውን ጠብ ባልጽፈው ይሻላል።

የማበጠሪያውን ጠብ ያበረደው ጣሂር ነው። ጣሂር የሐረር ነጋዴ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ቤታቸው ካርቲየ 7 ቢስ በሚሉት ሰፈር በኩል ነው። ከአባቱ ሱቅ አዲስ ማበጠሪያ ለእናቴ፣ አንድ እፍኝ የአሮጌ ሰዓት ጥርሳም ጎማ ደግሞ ለእኛ ይዞ መጣ። ጎማዎቹን በመንኮራኩሯ ጀርባ ላይ ደረደርናቸው።

መብራቱ የእኔ ሥራ ነበር፤ ይህን በልበ ሙሉነት እናገራለሁ። ሁለት የነሐስ ምላስ ያለው ጠፍጣፋ ባትሪ ነበረን፤ መሥራቱን የማውቀው በምላሴ ነክቼ ነው። ከኪስ ባትሪ የወጡ ሁለት ትናንሽ አምፖሎች ነበሩን። አንዱን ከሌላው አስከትዬ ሳስራቸው ሁለቱም የታመመ ሰው ዓይን ይመስላሉ። ብዙ ቀን ተናደድኩ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ አምፖል የራሱን ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ ስሰጠው ሁለቱም እኩል ቦግ አሉ። ባትሪውን መቆሚያ ባደረግነው የሳሙና ሣጥን ውስጥ ደብቀን ሽቦዎቹን በሆዷ በኩል አሳለፍን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስናበራት ግን መላ አካላቷ በራ። ፕላስቲኩ ስስ ስለነበር ብርሃኑ በየመጋጠሚያው ብቻ ሳይሆን በገላዋ ሁሉ ፈሰሰ።

«ጸዳል!» አሉ ጋሼ ተክሌ። አማተቡም።

«ጋሼ፣ ፋኖስ መሰለች እኮ! መብራት በመስኮቷ ብቻ ነው መውጣት ያለበት።»

«ቅዱሳን በሙሉ አካላቸው ነው የሚያበሩት።»

«እሷ ቅድስት አይደለችም፤ ማሽን ናት።»

ትንሽ አኮረፉ። ከዚያ ከማሰሮ ቂጥ ጥላሸት ፍቀው በቫርኒሽ አሹና ውስጧን ጥቁር ቀቡልኝ። ብርሃኑ ወጥመድ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ደግሞ የአምፖሉ ሙቀት ከአየሩ ሙቀት ጋር ተባብሮ አፍንጫዋን አለሰለሰውና ወደ ታች ዘመም አለች፤ የአምፖሎቹን ጀርባ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልለን፣ አፍንጫዋን በፈላ ውኃ አርሰን መለስናት። ጥቂት ጎብጣ ቀረች። ጋሼ ተክሌ ጉብጠቷ የዕድሜ ምልክት ነው ብለው ደመደሙ።

ገላዋን የውኃ ታንከር በሚቀባበት የብር ቀለም ቀቧት። ሆዷን ቀይ ለማድረግ ሲነሡ ግን ተከራከርኩ።

«ጋሼ፣ ቀይ ሆድ ያለው የወደብ መርከብ ነው። ውኃ እንዳይበላው ነው እንዲህ የሚቀባው። እሷ ውኃ አይነካትም።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ሰማይ።»

«ከጠፈር በላይ ያለውን ሐኖስ ማን አደረቀው? ያ ሁሉ ውኃ እዚያ ተንጣሎ ሳለ በባዶ ሆዷ ልትልካት ነው?»

ቀይ ተቀባች። ከዚያ ቡናማ ቀለም በብዙ ማቅጠኛ አጥበው፣ ብሩሹን ነክረው በጫሩት መስመር ላይ ጠብ አደረጉት። ፈሳሹ ማንም ሳይነዳው መስመሩን ይዞ ሮጠ፤ በየምስማሩ ሥር ቆመ፤ ሳሙና ያሉት ፕላስቲክ በዓይኔ ፊት ብዙ አገር ያየ ብረት ሆነ። ሐና በረንዳ ላይ የከፈተችው ብልቃጥ የመለሰልኝ ይህንን ነው። ተሸፍኖ የጨለመ ክፍል፣ የሚንቋቋ ጣራ፣ የእናቴ ትንፋሽ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ያ ሽታ፣ እና የሚሮጠው ቡናማ መስመር።

ሁለተኛውን ዓይን እስከ መጨረሻ አቆይተውት ነበር። ሚስማር አግለው በቀኝ በኩል በሱት። ጣሂርም በዚያ ቀን ነበር። ሁለቱን መስኮቶች በጥቁር መስመር ከበቧቸው፤ ጫፉን እንደ ሸራው እናቶች ሳብ አድርገው አሾሉት፤ ሽፋሽፍትም ጨመሩበት።

«ወላሂ አያቴ ብታይ ትቆጣለች» አለ ጣሂር። «ዓይን መሣል አይፈቀድም ትላለች።»

«ዓይን አይደለም፤ መስኮት ነው» አልኩት።

«መስኮት ከሆነ ለምን ያየኛል?»

«አንተ ስላየኸው ነው።»

«ግንብ ሳይ ግንብ ያየኛል እንዴ? በል አዙርልኝ!»

ጋሼ ተክሌ ሳቁ። ጣሂር ከሄደ በኋላ ግን ብሩሹን በማቅጠኛ እያጠቡ፣ ሳልጠይቃቸው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ ጊዜ ለባቡርም ዓይን ሥዬለት ነበር። ያ ሎኮሞቲቭ ግንባሩ ላይ አንድ ፋና ብቻ ነበረው። ከበረሃው ሲመጣ አንድ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚመጣው። ሊቀባ ወርክሾፕ ሲገባ ከፋናው ግራና ቀኝ ሁለት ዓይን ሣልኩለት። እንደ አባቴ አድርጌ። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ወጥቶ አየው። ከዚያ አለቃው፣ ሼፉ፣ መጣና ‹አጥፋ› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«እሺ አልኩ፤ ‹ዊ ሼፍ›። በራሴ እጅ፣ በራሴ ማቅጠኛ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጠረግኩት። ቀኙን አስቀድሜ አጠፋሁ። ግራው፣ እሱን እስካጠፋ ድረስ ሲያየኝ ቆየ።»

ብሩሹን አድርቀው ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ ያ ሎኮሞቲቭ ከድሬዳዋ እስከ ባሕሩ ድረስ አባሮ ያመጣቸው ይመስለኝ ነበር። ድሬዳዋ ሰለቸኝ የሚሉት ያንን ለመሸፈን ነው ብዬ አመንኩ። ያኔ ከልጃቸው ጋር ተጣልተው እንደነበር በቅርቡ ከትርሲት ሰምቻለሁ፤ የልጅነት እምነቴ ግን ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ አይመስለኝም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ የሠሩትን ይዘው የመምጣት ልማድ ነበረ። የተመረጡት የሠሪያቸው ስም ተጽፎባቸው በኮሪደሩ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። የእኛ ሰፈር ልጅ ሥራ እዚያ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ቢያንስ እኛ እንዲያ እናምን ነበር። ጋሼ ተክሌ ይህን ሲሰሙ ከሣጥናቸው ሥር ኮታቸውን አውጥተው አስተኮሱ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ ብሩሻቸውን በደረት ኪሳቸው ሰክተው ከእኔ ጋር መጡ። ሥራቸው በመስታወት ውስጥ ሆኖ ሰው ሲያየው ለማየት ነው የመጡት፤ ይህን አልተናገሩም፣ ግን ከረቫታቸውን ሦስት ጊዜ ሲያጠብቁ አይቻለሁ።

ፈረንሳዊው መምህራችን ሙሴ ማርሴል ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን በተለይ መጻፍ እፈልጋለሁ። መንኮራኩሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳበራት ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና እንደ ልጅ አጎንብሰው አዩአት። የቆርቆሮውን መስመር በጥፍራቸው ዳሰሱ። ሽቦውን ማን እንዳሰረው ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ ስላቸው አመኑኝ። ለቁም ሣጥኑ መካከለኛ መደርደሪያ እንደምትሆን ነገሩኝ። ከዚያ የካርቶኑን ክዳን አንሥተው ከመንኮራኩሯ ጋር አስተያዩና ጣታቸውን በቀኝ ዓይኗ ላይ አኖሩ።

ይህቺ ግን ትደፈናለች አሉ። ሠሪዎቿ አንድ መስኮት ነው የሰጧት። የሞዴል ሥራ ማለት በልክ መታዘዝ ማለት ነው፤ መንኮራኩር ፊት የለውም፣ ሽፋሽፍትም የለውም። ድፈናት፣ በብር ቀለም ሸፍናት፣ ነገ አምጣት፤ መደርደሪያው የአንተ ነው።

ስለ መንኮራኩር ትክክል ነበሩ። ስለ ቀይ ሆዷም ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ በዚያም ያሸንፉኝ ነበር። ያኔም ትክክል መሆናቸው ገብቶኛል፤ የከበደኝም ይህ ነው። ዞር ብዬ ጋሼ ተክሌን አየሁ። የእሳቸው ፈረንሳይኛ የወርክሾፕ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ትእዛዝ ይሰማሉ እንጂ ክርክር አይከተሉም። የመምህሩ ጣት የት ላይ እንዳረፈ ግን አይተዋል። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ ብሩሹን አወጡ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና አንገታቸውን ደፍተው፣

«ዊ ሼፍ» አሉ።

ለእኔ ብለው ነው። መደርደሪያው እንዳይቀርብኝ ብለው ነው። ይህንን የተረዳሁት ግን ካደግኩ በኋላ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ያየሁት ሎኮሞቲቩን ነው፣ በጨርቅ ሲጠረግ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ። መዳፌን በመንኮራኩሯ አፍንጫ ላይ ጫንኩ። አምፖሎቹ መዳፌን ሲያሞቁት ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ብሩሹን ኪስዎ ይክተቱት» አልኩ በአማርኛ።

ከዚያ በፈረንሳይኛ ለሙሴ ማርሴል ተናገርኩ። ጣሂር ከኋላ «አበደ» ሲል ሰማሁት። ሙሴ ማርሴል አንዴ ደገሙልኝ፤ ወይ ትደፈናለች፣ ወይ ይዘሃት ትወጣለህ። እኔም ያንኑ ቃሌን ደገምኩላቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የካርቶኑን ክዳን መለሱልኝና በሩን አመለከቱኝ። ክዳኑን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው ወጣሁ።

መንገዱ ነጭ ነበር፤ በጅቡቲ ቀትር ላይ ጥላ የሚባል ነገር ከሰው እግር ሥር አይወጣም። መንኮራኩሯን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ የሳሙናውን ሣጥን በብብቴ ይዤ እሄዳለሁ። ሳላጠፋት ነው የወጣሁት፤ በዚያ ፀሐይ መብራቷን ማንም ሊያይ አይችልም። ጋሼ ተክሌ ከኋላዬ ይመጣሉ፤ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኛል። በጣም እንደተቆጡ እርግጠኛ ነበርኩ። ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ሰው ፊት ብሩሻቸውን አስመልሻቸዋለሁ። ቤት ስንደርስ ለእናቴ እንደሚነግሩብኝ፣ በማግስቱም ባቡር ተሳፍረው እንደሚሄዱ አሰብኩ። ቢሄዱም ዓይኗን አላጠፋም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ስንደርስ ጠሩኝ።

«ስዩም! ቁም እስቲ።»

ቆምኩ። በሱቁ በረንዳ ላይ ሰዎች ተጋድመው ነበር፤ አንዱ ክንዱን ከዓይኑ ላይ አንሥቶ አየን። ጋሼ ተክሌ ከረቫታቸውን ፈትተው ላባቸውን ጠረጉበት።

«ለሰውዬው ምን አልከው?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ…»

«ይቅርታ በል አላልኩህም። ምን አልከው?»

«ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ይበራሉ፤ አላጠፋም አልኩት።»

«በአማርኛማ ማን ያቅተዋል! በእሱ ቋንቋ ምን አልከው?»

በፈረንሳይኛ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ። አልያዘላቸውም።

«ቀስ በል። አንድ ባንድ።»

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እኔው በኋላ ጨምሬው እንዳይሆን ራሴን ብዙ ጊዜ መርምሬአለሁ። ትርሲት አልነበረችም፤ ጣሂርን የት እንደማገኘው አላውቅም፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ሆኖም እጽፈዋለሁ። ጋሼ ተክሌ በዚያ ቀትር፣ ኮት ለብሰው፣ መንገድ መሐል ቆመው ያንን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከእኔ ተማሩ። መጀመሪያ ተሰባበረባቸው። ከዚያ የመጨረሻው ቃል ብቻ አስቸገራቸው። ከዚያ ሳይደናቀፉ አሉት፤ ለሌላው ፈረንሳይኛ ሁሉ የሚደፉት አንገታቸው በዚህኛው ቀና አለ። በረንዳው ላይ የተጋደመው ሰውዬ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» ብሎ ጎኑ ያለውን ጠየቀ።

«አልሰማም መሰለኝ» አሉ ጋሼ ተክሌ ወደ እኔ ዞረው። «በል አብረን፤ ጮክ በል።»

ጮክ አልን።